ራዲዮአክቲቭ ብክለት በምግብ ዕፅዋት

ጨረር አመንጪ ቁሶች በቅጠልና በሥር በኩል ወደ አዝርዕትና አትክልት የሚገቡበት ሂደት ነው። ተክል ሲዥየም-137ን ከፖታስየም፣ ስትሮንቲየም-90ን ከካልሲየም አጥርቶ አይለይም፤ በኬሚካዊ ጠባያቸው ስለሚመሳሰሉ ምግቡ መስለውት ይስባቸዋል። የአፈሩ ዓይነት ብዙ ይወስናል። ሸክላ የበዛበት አፈር ሲዥየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ፖታስየም ያጠረው አሸዋማ መሬት ግን ለሥሩ ይለቅለታል። ስለዚህ የፖታስየም ማዳበሪያ መጨመር አንዱ መከላከያ ነው።

ስለዚህ ብክለት ዋናው ትምህርት የተገኘው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከደረሰው የቼርኖቢል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ነው። በሣር ላይ ያረፈው አዮዲን-131 በላም ወተት አድርጎ ሕፃናት ዘንድ ደረሰ። የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ብቻ ነው፤ የሲዥየም-137 ግን 30 ዓመት ገደማ።

በአዲስ አበባ ያለው ተቀራራቢ ጉዳይ ጨረር ሳይሆን ከባድ ብረት ነው፦ በአቃቂ ወንዞች ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ተለክተዋል። መንገዱ ግን አንድ ነው። ቤቴል ሰፈር ጉልት ላይ የተገዛ የጎመን እስር ደጋግሞ ቢታጠብ አቧራው ይለቃል፤ በሥሩ ጠጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባው ግን ከነወጡ ገበታ ላይ ይቀርባል።