ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት፦ ሰዓታት የሚወስኑት ሕመም

በአምስተርዳም ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ኦስዶርፕ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተገነቡ የመኖሪያ ሕንጻዎች የሚታወቅ ሰፈር ነው። በእንዲህ ያሉ አፓርታማዎች ውስጥ የሚያድግ ድመት ብዙውን ጊዜ ደጅ አይወጣም፤ የሚበላውም፣ የሚተኛውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ የሚኖር ወጣት ወንድ ድመት ላይ በድንገት ሊደርሱ ከሚችሉ ብርቱ ሕመሞች አንዱ የሽንት መውጫ ቱቦ መዘጋት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ድመት ይድናል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ካለፈ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ድርቀት የሚመስለው ምልክት

ጤናማ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ያህል ይሸናል። ቱቦው የተዘጋበት ድመት ደግሞ ወደ አሸዋ ሳጥኑ ይመላለሳል፣ ቁጢጥ ብሎ ያምጣል፤ የሚወጣው ግን ደም የቀላቀለ ጠብታ ነው፣ አለዚያም ምንም የለም። ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል፣ በሕመም ይጮኻል፣ ሆዱን ሲነኩት ይቆጣል። ሰዓታት ሲያልፉ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ በመጨረሻም ይዝላል።

ብዙ ባለቤቶች ሲያምጥ አይተው የሆድ ድርቀት ይመስላቸዋል። ዘይት እያጠጡ ወይም እስኪነጋ እየጠበቁ ሳለ ውድ ሰዓት ያልፋል። በኢትዮጵያ ደጅ ወጥቶ አፈር ጭሮ የሚሸና ድመት ስንት ጊዜ እንደሸና የሚያይ ሰው የለም። አፓርታማ ውስጥ ግን የአሸዋ ሳጥኑ ራሱ ምስክር ነው፦ አሸዋው ደረቅ ሆኖ ካደረ፣ ድመቱም የሚያምጥ ከሆነ፣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም።

ለምን ወንዱ?

የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ከሴቷ ይልቅ ረጅምና ጠባብ ሲሆን፣ ወደ ጫፉ ይበልጥ ይጠባል። ንፍጥ መሰል ዝቃጭ፣ ጥቃቅን ክሪስታሎች ወይም አንዲት ትንሽ ጠጠር ሊደፍኑት ይችላሉ፤ የቱቦው እብጠትና መኮማተርም ያባብሰዋል። መውጫ ያጣው ሽንት የሽንት ፊኛውን ይወጥረዋል፣ ኩላሊትም ሥራውን ያቆማል። ያን ጊዜ መርዛማ ቆሻሻና ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻሉ። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ የልብ ምት ይዛባል፤ ድመቱን በድንገት የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም። የወጣት ድመት ሽንት በጣም የተከማቸ በመሆኑ ለባክቴሪያ አይመችም፤ ኢንፌክሽን የሚበዛው ከ10 ዓመት በላይ በሆናቸው ድመቶች ነው። ከወጣቶቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የሚገኘው ምክንያቱ በግልጽ ያልታወቀ የፊኛ ብግነት ሲሆን፣ ከጭንቀት ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ስለዚህ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠት አይረዳም። ለሰው የሚታዘዘው ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ክኒን ሊገድለው ይችላል።

ሐኪሙ የሚያደርገው

የእንስሳት ሐኪሙ በመጀመሪያ ሆዱን ይዳስሳል። እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የተወጠረ ፊኛ መዘጋቱን ያሳያል። ደሙ ተመርምሮ ፖታሲየሙ ከፍ ያለ ከሆነ ልብን የሚጠብቅ መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል። ከዚያም በማደንዘዣ ቀጭን ቱቦ ገብቶ መተላለፊያው ይከፈታል፣ ፊኛውም ይታጠባል። ድመቱ ቱቦው እንደገባለት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ክሊኒክ ይቆያል። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ደጋግሞ ለሚዘጋበት ድመት ጠባቡን የቱቦ ክፍል አስወግዶ ሰፊ መውጫ የሚያበጅ ቀዶ ሕክምና አለ።

በኔዘርላንድስ ለሚኖሩ

በደች ቋንቋ የእንስሳት ሐኪም «ዲረንአርትስ»፣ አስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ «ስፑት» ይባላል። ስልክ ደውሎ «ማይን ካተር ካን ኒት ፕላሰን»፣ ማለትም «ወንዱ ድመቴ መሽናት አልቻለም» ማለት ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን በቀጥታ ያስረዳል። መደበኛው ክሊኒክ በሌሊትና በሰንበት ሲዘጋ ወደ ተረኛ አስቸኳይ ሐኪም ይመራል።

የሰው የጤና መድን ለእንስሳት አይሠራም፤ የእንስሳት መድን በፈቃደኝነት የሚገባ ነው። ክሊኒኮች ዋጋቸውን በራሳቸው ስለሚወስኑና የሌሊት አገልግሎት ስለሚወደድ፣ የሕክምናውን ግምትና በየጊዜው ከፍሎ የመጨረስ ዕድል መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የአገሪቱ የእንስሳት ሕግ እርዳታ ለሚሻ እንስሳ ተገቢውን እንክብካቤ ማድረግን የእያንዳንዱ ሰው ግዴታ ያደርገዋል።

እንዳይመለስ

የቤት ድመት ዝርያ የሚመዘዘው ደረቅ ምድር ከለመደው የአፍሪካ ዱር ድመት ነው። በዚህም የተነሳ ሽንቱን አብዝቶ ያከማቻል፤ ጥማትም ብዙ አይሰማውም። ደረቅ የድመት ምግብ ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ውሃ ሲይዝ፣ እርጥቡ ከ75 እጅ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ወደ እርጥብ ምግብ ቀስ በቀስ ማሸጋገርና ንጹህ ውሃ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ሽንቱን ያቀጥነዋል። ስትሩቫይት የተባለው ጠጠር በልዩ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት ግን አይሟሟም። በመሆኑም ልዩ ምግብ በሐኪም ምክር እንጂ በግምት አይመረጥም።

የኑሮው ሁኔታም ከሕክምናው አይለይም። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቶኒ በፊንግተን የድመቱን አካባቢ ማስተካከል የፊኛ ብግነትን ለመከላከል ያለውን ጥቅም ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ቤት መቀየር፣ የሕንጻ እድሳት ጫጫታ፣ አዲስ ድመት ወይም የዘመን መለወጫ ርችት ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። መደበቂያ ቦታ፣ መውጫ ከፍታ፣ የጨዋታ ጊዜና ቋሚ የምግብ ሰዓት ያረጋጉታል። የአሸዋ ሳጥኖች ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ቢበልጥ ይመከራል፤ በየዕለቱ መጽዳትም አለባቸው። ሳጥኑን በየዕለቱ የሚያጸዳ ሰው አሸዋው ሳይረጥብ ማደሩን ቀድሞ ያያል፤ ድመቱንም በጊዜ ለሐኪም ያደርሰዋል።