ፍርድ ቤቱ የወሰነውና ያልወሰነው

አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናትን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እንዲፈጽሙ በሕግ አስገደደች ሲባል በዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሙግቱ ታሪክ ግን የሚነግረን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 በሚኒሶታ ሁለት ወንዶች የጋብቻ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በእነርሱ ላይ ፈረደ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1972 ይግባኙን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ዘጋው። በ1993 ግን የሐዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ጽኑ ምክንያት ካላቀረበ ክልከላው አድልዎ ነው አለ። በዚህ የሠጋው ኮንግረስ በ1996 በፌዴራል ሕግ ፊት ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ እንደ ሆነ ደነገገ። ማሳቹሴትስ በበኩሏ፣ በ2003 በተሰጠ ፍርድ መሠረት፣ በ2004 ፈቃድ የሰጠች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች።

ከዚያ በኋላ ሙግቱን ወደ ፍጻሜው ያደረሱት ከሞት ጋር የተያያዙ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ኤዲት ዊንዘር በካናዳ ያገባቻት ቲያ ስፓየር በ2009 ስትሞት፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለጋብቻቸው ዕውቅና ስላልሰጠ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ከፈለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 የ1996ቱን ድንጋጌ ዋና ክፍል ሻረላት። በዚያው ዓመት የኦሃዮው ጂም ኦበርገፌል፣ በጽኑ ሕመም የተያዘውን ጆን አርተርን በሜሪላንድ፣ ምድር ላይ በቆመ የሕክምና አውሮፕላን ውስጥ አገባ። ኦሃዮ ግን ጆን ሲሞት በምስክር ወረቀቱ ላይ ጂምን የትዳር አጋር ብላ የማትመዘግብ በመሆኗ ከሰሳት። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ጠቅሶ ግዛቶች ሁሉ ይህን ጋብቻ እንዲፈጽሙና እንዲያውቁ ወሰነ።

ልብ በሉ፦ ክርክሩ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ግብርና ስለ መዝገብ ነበር። የታዘዙትም ግዛቶች እንጂ አብያተ ክርስቲያናት አይደሉም። የፍርዱ ጸሓፊ ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ፣ የሃይማኖት ተቋማት እምነታቸውን ማስተማር እንደሚቀጥሉ በዚያው ፍርድ ገልጸዋል፤ በ2022 የወጣው ሕግም የሃይማኖት ድርጅቶች ሥርዓቱን እንዲያስፈጽሙ እንደማይገደዱ ደነገገ።

ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የወንድና የሴት ምሥጢር እንደ ሆነ ታስተምራለች፤ ይህን ለማስተማር የተዛባ ታሪክ አያስፈልጋትም። በሐሰት እንዳንመሰክር የታዘዝነው ስለሚስማሙን ሰዎች ብቻ አይደለምና፣ ከመናገራችን በፊት እንመርምር።