የጥር 13 አሰልጣኝ

ስሙማ! እናንተ የሐዋሳ ፒያሳ ልጆች፣ ካፌው ሲሞላባችሁ ደጅ ቆማችሁ የእንግሊዝ አሰልጣኞችን ስታወዳድሩ ታመሻላችሁ። ማን አጥቂውን በሰዓቱ ቀየረ፣ ማን ተከላካይ አበዛ ስትባባሉ እሰማለሁ። ዛሬ ደግሞ የራሳችንን ሰው ላውራችሁ፤ ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማን።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ ግጥም ከአፋቸው የማይጠፋው። ጋሽ ይድነቃቸው ጅማ ላይ በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ አራዳ ላይ በ1928 ሲመሠረት ገና ጎረምሳ ነበሩ። ወዲያው ጣሊያን ገባ። ከተማው ሲያዝ ኳሱም ተያዘ፤ ሐበሻው ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ልጅ የቀለም አጥርን በመጽሐፍ አላነበበውም፣ በእግሩ ነክቶታል። ይህን ያዙልኝ።

ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገራል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሥራው ገና አልተከፋፈለም። ያው ተጫዋቹ ፌዴሬሽኑን ያደራጃል፣ ያው ሰው ቡድን ይመርጣል፣ ያሠለጥናል፣ ውጭ አገር ሄዶ ይከራከራል።

በ1949 ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ ሊጀምሩ ተጠሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰችና ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። መራራ ነበር።

አምስት ዓመት አለፈ። ዋንጫው አዲስ አበባ መጣ። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ነው። ሐዋሳችሁ ያኔ ራስ መንገሻ ስዩም ከቆረቆሯት ጥቂት ዓመቷ፣ ጨቅላ ከተማ ነበረች። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፤ ጃንሆይ ተቀምጠዋል፤ አሰልጣኙ ጋሽ ይድነቃቸው ናቸው፤ ተጋጣሚዋ ያችው ግብፅ።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባደዊ አገባ። ኢትዮጵያ ብትል ብትሠራ እስከ እረፍት ድረስ አልሆነላትም። በ74ኛው ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ያው ባደዊ ደገመ! እዚህ ላይ ስንቱ ቡድን ይፈርሳል! ስድስት ደቂቃ ሲቀር ግን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ መለሰው፤ 2 ለ 2። ጭማሪ ሰዓት ተገባ። በ101ኛው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2! የካርቱም አራት ጎል ተመለሰ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እነማን ናቸው? የጣሊያን አባትና የኤርትራ እናት ልጆች ናቸው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በጣሊያን ዘመን ከነጭ ተለይተው የተጫወቱት ሰው ባሠለጠኑት ቡድን፣ አምበሉ የጣሊያናዊ ልጅ ነበር። ለእኔ ከዋንጫው እኩል የሚከብደኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ የጋሽ ይድነቃቸው ትግል ከሜዳ ዳር ወደ ስብሰባ አዳራሽ ዞረ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ እንኳ ቢነፍጋት፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተሟገቱ፤ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ለሚቀጥለው ዋንጫ ቦታዋ ተሰጣት። በ1964 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ በዘር እስከለየች ድረስ በኳሱ አትሳተፍም ብለው ጸኑ፤ በ1968 ፊፋ አባረራት። ነሐሴ 1979 ሲያርፉ አሁንም የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይድን መውደቅ አላዩም።

ኢትዮጵያም ከ1974 በኋላ ከዋንጫው ለ31 ዓመት ጠፋች። የተመለሰችው የት መሰላችሁ? ነፃ በወጣችው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ከተማ። የመጀመሪያ ጨዋታዋ መቼ? ጥር 13 ቀን 2005! ተጋጣሚዋ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ናት። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። ልጆቹ በ10 ሰው ቀርተው፣ በ65ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገው የዚሁ የእናንተው ከተማ ልጅ፣ በሐዋሳ ከነማ ማሊያ የተጫወተው አዳነ ግርማ ነው።