የጥቁር ሣጥን ፍተሻ በአማርኛ ሌብል ኅትመት

የጥቁር ሣጥን ፍተሻ የአንድን ሶፍትዌር ኮድ ሳይመለከቱ፣ የሚሰጠውን ግብዓትና የሚያወጣውን ውጤት ብቻ በማነጻጸር ትክክለኛነቱን የሚመረምሩበት ዘዴ ነው። የኮዱን መንገድ ተከትሎ የሚሠራው ደግሞ የነጭ ሣጥን ፍተሻ ይባላል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የግሌንፎርድ ማየርስ «ዘ አርት ኦፍ ሶፍትዌር ቴስቲንግ» ሁለቱንም ካብራሩ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። ሌብል (የዕቃ መለያ ወረቀት) የሚያትሙ የንግድ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው ኮዳቸው ዝግ ስለሆነ፣ ለተጠቃሚው የሚቀርበው ዘዴ የጥቁር ሣጥኑ ነው።

በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትታወቅ ኖራለች። የቀለበት ሌብል ለፍተሻው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በጣም ጠባብ በሆነ ወረቀት ላይ የዕቃው ስም፣ ካራቱና ግራሙ ይሰፍራሉ። «18» የሚለው ቁጥር ግራ ጎኑ ሳስቶ «13» ቢመስል ዋጋው ያከራክራል። የመድኃኒት ሌብል ላይ ከሆነ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል።

የፊደል ግብዓት

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነሱ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። ስለዚህ አሮጌና አዲስ ጽሑፍ ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመስኩ ርዝመት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደልና አኃዝ ግን 1 ባይት ብቻ። 20 ባይት በተፈቀደበት መስክ «ፓራሲታሞል 500» ቢገባ፣ ስሙ 18 ባይት ይወስድና ከክፍት ቦታው በኋላ የሚተርፈው ለአንድ አኃዝ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ሳያስጠነቅቅ ከቆረጠው ሌብሉ «ፓራሲታሞል 5» ይላል። ስሕተቱ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ በተደረገ ፍተሻ አይታይም። የወሰን እሴት ፍተሻ የሚባለው እንዲህ ያለውን ለመያዝ ነው፤ መስኩ ልክ ሲሞላ፣ አንድ ሲጎድለውና አንድ ሲያልፍ ይሞከራል።

ቀንም የራሱ ወሰን አለው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሊቀበለው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ግን ሊመልሰው ይገባል።

የኅትመት ጥራት

በሙቀት የሚሠሩ የሌብል ማተሚያዎች ነጥብ ወይ ያጠቁራሉ ወይ ይተዋሉ፤ ግራጫ የላቸውም። በኢንች 203 ነጥብ በሚያትም መሣሪያ አንድ ነጥብ 0.125 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 16 ነጥብ ብቻ ያገኛል። እዚህ ላይ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ኪ» እና «ኬ» ይደበላለቃሉ፤ የኃምስ ፊደሉ ቀለበት በሙቀት ብዛት ይደፈናልና። መፍትሔው ሙቀቱን መቀነስ፣ ፊደሉን ማሳደግ ወይም 300 ነጥብ ወዳለው ማተሚያ መሸጋገር ነው። ጽሑፉን ማድመቅ ብዙውን ጊዜ ያባብሰዋል።

ባርኮድ ላይ ስሌቱ ይበልጥ ይጠብቃል። ባለ 13 አኃዙ የኢ.ኤ.ኤን ባርኮድ መደበኛ ቀጭን መስመር 0.33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዝቅተኛው ወሰን 0.264 ነው። በ203 ነጥብ ማተሚያ 0.33 ማለት 2.64 ነጥብ ነው፤ ሶፍትዌሩ አንዱን መስመር 2፣ ሌላውን 3 ነጥብ አድርጎ ካዛባው ስካነሩ ላያነበው ይችላል። 2 ነጥብ ከወሰኑ በታች ስለሚወርድ ትክክለኛው ምርጫ 3 ነጥብ (0.375 ሚሊ ሜትር) ነው። ባርኮዱን እንደ ሥዕል አስገብቶ በመዳፊት መጎተትና መለጠጥ ይህንን ሁሉ ያበላሻል።

ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ይሁን የማተሚያው ለመለየት ጽሑፉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን አንቀሳቅሶ እንደገና ማተም ይበቃል። ነጩ ጭረት በወረቀቱ ላይ በነበረበት ቦታ ከቀረ የማተሚያው ራስ ቆሽሿል ወይም ተቃጥሏል፤ ከፊደሉ ጋር አብሮ ከሄደ ምንጩ ሶፍትዌሩ ወይም የማተሚያው ድራይቨር ነው።