ፎር ባይ ፎሩ ለምን ጭቃ ውስጥ ይቀራል? የዲፈረንሻል አጭር ታሪክ

ፎር ባይ ፎር መኪና ስንገዛ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረን «አራቱም ጎማ ይጎትታል» ብሎ ነው። ብዙዎቻችንም ይህን አምነን ብራችንን እንቆጥራለን። ዝናብ በመታው ዋልካ አፈር ላይ ግን ያው መኪና አንድ የፊት ጎማና አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በከንቱ እያሽከረከረ ሲቀር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ዝም ብለው ሲቆሙ እናያለን። አትክልት ለጫነ ነጋዴ እንዲህ ያለች ግማሽ ቀን ትርፉን ይዛ ትሄዳለች። ጉዳዩ የሻጩ ውሸት ብቻ አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የኖረ የአንድ ዕቃ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ አንዱ መንሸራተቱ፣ ጎማውም ቶሎ ማለቁ አይቀርም ነበር። ለዚህ መፍትሔ ያገኘው ፓሪስ ይኖር የነበረው የሰዓት ሠሪው ኦኔዚፎር ፔኬር ነው። በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ ለእንፋሎት ሠረገላ ሲል፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለት ከፍሎ ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርስ ስብስብ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ዲፈረንሻል የምንለው ዋና ሐሳብ ያው ነው።

ችግሩም ያለው እዚያው መፍትሔው ውስጥ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። እኩል መስጠቱ መልካም ይመስላል፤ ግን ነገሩን በንግድ ሽርክና እንየው። ሁለት ሸሪኮች «ሁሌም እኩል እናዋጣለን» ብለው ተዋዋሉ። አንዱ 10,000 ብር አለው፣ ሌላው ግን 100 ብር ብቻ። በውሉ መሠረት ንግዱ የሚጀመረው በ200 ብር ነው፤ የባለጸጋው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ ያ ድሃ ሸሪክ ነው። መሬት ስለማይዝ በትንሽ ጉልበት ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት ላይ የቆመው ጎማም ከዚያች ትንሽ ጉልበት በላይ አይደርሰውም። ፎር ባይ ፎር ሲገባ የሚጨመረው ሌላ ሸሪክነት ከፊት ነው፤ ውሉ ግን አልተቀየረም። ስለዚህ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ይቆማል።

ይህን ውል ለመቀየር ትልቁ ግፊት የመጣው ከጭቃ ሳይሆን ከእሽቅድምድም ነው። በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሸ ለጀርመኑ አውቶ ዩኒየን ባለ 16 ሲሊንደር የውድድር መኪና ሠራ። ጉልበቱ ከመብዛቱ የተነሳ የኋላ ጎማው በከባድ ፍጥነት ላይ ሳይቀር በከንቱ ይሽከረከር ነበር። ፖርሸ ዜድ ኤፍ የተባለውን የጥርስ ፋብሪካ መፍትሔ እንዲፈልግለት ጠየቀ፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ከልክ በላይ እንዳይፈጥን የሚይዝ ዲፈረንሻልም ተሠራ። ኤል ኤስ ዲ የምንለው፣ ማለትም መንሸራተትን የሚገድበው ዲፈረንሻል፣ እንዲህ ነው በሰፊው ወደ መኪና የገባው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የጀርመን ጦር ኩቤልቫገን የሚጎትተው በኋላ ጎማ ብቻ ቢሆንም፣ ቀላል ስለነበረና ይህ ዓይነት ዲፈረንሻል ስለተገጠመለት ጭቃና አሸዋ ላይ በደንብ ይሄድ ነበር። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ሽቪምቫገን ደግሞ ፎር ባይ ፎር ሆኖ ከፊትም ከኋላም ነበረው። ታዋቂው የአሜሪካ ጂፕ ግን ከፊትም ከኋላም ተራ ዲፈረንሻል ነበር የያዘው። ከጦርነቱ በኋላ በዓለም የተሰራጩት የሥራ መኪናዎች በብዛት የጂፑን መንገድ ተከተሉ፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየትም ጋራዥ ይጠገናል። የዛሬው ችግራችን አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካኖች ኤል ኤስ ዲን ለተራው ገዢ አመጡ። ፓካርድ በ1956 ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠሩት በዲፈረንሻሉ ውስጥ የተደረደሩ የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። አንዱ ጎማ ሊያመልጥ ሲል ዲስኮቹ ተፋትገው ይይዙታል፣ ለሌላውም ጉልበት ይተርፈዋል። በኋላ በእኛ መንገዶች የታወቁት እንደ ኒሳን ፓትሮል ያሉ መኪናዎች በብዛት ከኋላ የያዙት ይህን ዓይነት ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የሚፋተግ ነገር ያልቃል። ያለቀ ኤል ኤስ ዲ ከተራው ዲፈረንሻል አይለይም፣ ሻጩ ግን በስሙ ዋጋ ይጨምርበታል።

አሜሪካዊው ቨርነን ግሊስማን በ1958 ሌላ መንገድ በስሙ አስመዘገበ። በኋላ ቶርሰን የተባለው የእሱ ዲፈረንሻል በዲስክ ፈንታ የሚሠራው በጠመዝማዛ ጥርሶች ነው። ለደካማው ጎማ የደረሰውን ጉልበት በብዙ እጥፍ አባዝቶ ለጠንካራው ይሰጣል። የአሜሪካ ጦር ሃምቪ ከፊትም ከኋላም የያዘው ይህን ነው። ግን ባዶ በምንም ቢባዛ ባዶ ነው፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ቶርሰን ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ የሃምቪ ነጂዎች ነዳጅ እየሰጡ ፍሬኑን በቀስታ እንዲረግጡ ይማራሉ። ፍሬኑ ለተንጠለጠለው ጎማ የሐሰት መሬት ይሆንለታል።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ሁሉ የተፈተነው በሳፋሪ ራሊ ነው። በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረው ውድድር በዝናብ ወራት ጭቃው እጅግ የከፋ ነበር፤ በ1963ም በ1968ም እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 መኪናዎች ብቻ ናቸው። በ1988 ያሸነፈው ላንቺያ ዴልታ ፎር ባይ ፎር ሲሆን ከኋላው ቶርሰን ነበረው። ጭነኛው ግን የራሊ መኪና አልነበረውም። አስፋልቱ ሞያሌ ሳይደርስ ከማርሳቢት ወዲህ ያለውን መንገድ የሄዱ ሁሉ አካፋ፣ ሰንሰለትና ጠንካራ ረዳት ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ያውቃሉ።

ሦስተኛው መፍትሔ ሙሉ በሙሉ መቆለፍ ነው። በ1990 የወጣው ላንድክሩዘር 80 ከፋብሪካው የፊትና የኋላ መቆለፊያ ሊገጠምለት ይችል ነበር። ሲቆለፍ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ዘንግ ይሆናሉ፤ ጭቃው ውስጥ ወደር የለውም። ነገር ግን ሁለት ወዶ አይሆንም፦ ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ ቢነዳ መሪው ይከብዳል፣ ጎማ ይበላል፣ ዘንግም ሊሰብር ይችላል። ፔኬር ያመለጠው ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች ዲፈረንሻሉን ተራ አድርገው ትተው፣ የሚንሸራተተውን ጎማ በኮምፒውተር ፍሬን ማስያዝ ጀመሩ። የሃምቪው ነጂ በእግሩ የሚሠራውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለገዢ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ፎር ባይ ፎር ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ዲፈረንሻሉ ምን ዓይነት ነው?» በሉ። የቶዮታ የአክሰል ኮድ አካሉ ላይ በተለጠፈችው የፋብሪካ ሳህን ላይ ተጽፏል። ባለ ዲስክ ኤል ኤስ ዲ ነው ከተባላችሁ ፈትኑት፦ ደልዳላ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዙ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ መደገፊያ አስቀምጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን ጎማ በእጅ ስታዞሩ ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ዲስኮቹ ገና ይይዛሉ። በተቃራኒው ከዞረ ወይ ተራ ነው፣ ወይ ዲስኮቹ አልቀዋል። (ቶርሰን በዚህ መንገድ አይፈተንም፤ በእጅ ሲዞር እንደ ተራው ሊሆን ይችላል።)

ከገዛችሁ በኋላም ዘይቱን አትናቁ። ባለ ዲስኩ ለኤል ኤስ ዲ የተዘጋጀ ዘይት ይፈልጋል፤ ተራ ዘይት ከተሞላ ሲታጠፍ ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል፣ ዲስኩም ቶሎ ይጎዳል። ዘይት ስታስቀይሩ አጠገቡ ቁሙ፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ አንብቡ።

መኪናችሁ ተራ ዲፈረንሻል ከሆነም አትዘኑ፤ አቅሙን አውቆ መንዳት ነው። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነዳጅ መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ በዚያ ፈንታ ነዳጁን ቀንሳችሁ ፍሬኑን ወይም የእጅ ፍሬኑን በትንሹ ያዝ አድርጉት። ደሃው ሸሪክ ትንሽ ገንዘብ አገኘ ማለት ነው፤ ባለጸጋውም ያኔ ኪሱን ይከፍታል። መልካም መንገድ።