በዋልካ ላይ የቆሙ ቤቶች

የየካን ምድር ከጋራው እስከ ሜዳው ወርዶ ላየ ሰው ነገሩ እንደ ሁለት አገር ነው። በሰሜን የእንጦጦ ጋራ ዐለት ነው፤ ቁልቁል ወደ ኮተቤና ወደ አያት ሲወረድ ግን ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በብዙ ስፍራ ይገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ከእኛም መካከል ባንዳንዶቹ ቤት፣ በግንቦት እንደ ልብ ይዘጋ የነበረ በር በነሐሴ እንቢ ይላል። ይህን ታሪክ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው በር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው በነበሩበት ዘመን መሠረት የሚጣለው ለዐለት በቀረበ ምድር ላይ ነበር። ነገር ግን ጋራው ብርድና ነፋስ የበዛበት ስለሆነ፣ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ሕዝቡም እያደር ወደ ሜዳው ወረደ።

ይዞትም የወረደው የጭቃ ቤት ነው። ብዙ ሰው ይህን ቤት የድህነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቋሚዎቹ በጉድጓድ ተተክለው ሥራቸው በድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ምድሩ ሲያብጥ ቤቱ ቀላልና የታሰረ ስለሆነ አብሮ ጎበጥ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ የተሰነጠቀውም በበጋ እንደ ገና ይመረጋል። ከባዱ የድንጋይ ግንብ ግን መጎበጥን አያውቅምና ከማዕዘኑ ይተረተራል።

የጭቃ ቤት ደካማ ስፍራ የቋሚው እግር ነው። እንጨት ዘወትር በውሃ ውስጥ ተውጦ ከኖረ አየር ስለማያገኘው ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የኢጣልያዋ ቬኒስ ከተማ የቆመችው በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ ነው። የእኛ ምድር ግን አንዴ ይረጥባል፣ አንዴ ይደርቃል፤ ስለዚህ እንጨቱ አፈሩ ካለቀበት ላይ ይበሰብሳል። ለዚህ ሲባል ጥድና ወይራ ይመረጡ ነበር፤ እግራቸውንም በእሳት ለብለብ አድርጎ መትከል የቆየ ዘዴ ነው። የከተማው እንጨት እያለቀ ሄዶ፣ በ1893 ዓ.ም. ሌላ ከተማ በአዲስ ዓለም መሠራት እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ከጥቂት ዓመት በፊት የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ይደርሳል፤ እግሩ ግን እንደ ጥድ አይጸናም።

አቅም ያለው ሰው ደግሞ ዋልካውን ጠንካራ ምድር እስኪያገኝ ድረስ ቆፍሮ ያወጣና፣ በስፍራው ድንጋይና ገረጋንቲ እየደለደለ ይጠቀጥቃል። ይህም ቢሆን ከጋራው በኩል የሚወርደውን ጎርፍ የሚያሳልፍ ቦይ ከሌለው ብዙ አይረባም።

በየካ የጎበኘነው አንድ አሮጌ ግቢ ባለ ድንጋይ መሠረት ነው። በሦስቱ ወገን ቦዩ እስከ ዛሬ ተጠርጎ ይፈሳል፤ በአራተኛው ወገን በቆሻሻ ተደፍኗል። የግድግዳው ስንጥቅ ያለው በዚያው ወገን ብቻ ነው።