ዳግም ማቅናት፦ የተቆፈረ ምድር ወደ ልምላሜው ስለሚመለስበት ሥርዓት

በማዕድንና በሲሚንቶ ሥራ ዘንድ «ሪክላሜሽን» እየተባለ በባዕድ ስሙ የሚጠራው ነገር፣ ለሥራ ሲባል የተቆፈረና የተገፈፈ፣ በከባድ መኪና ጎማም የተጠቀጠቀ መሬት፣ ውኃ እንዲይዝ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይወሰድና ሰውንም እንስሳንም ዳግመኛ እንዲጠቅም አስቀድሞ ታስቦ የሚፈጸምለት ሥርዓት ነው። ለዚህ ነገር «ዳግም ማቅናት» የሚለውን አማርኛ እናቀርባለን፤ ከሥርዓቱ አንዱን ክፍል፣ ማለት መሬቱን በዕፅዋት መልሶ ማልበስን የሚያመለክተውን «ሪቬጀቴሽን»ም «ዳግም ልምላሜ» እንለዋለን።

«ማቅናት» የጎበጠውን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን ጠፍ የነበረውን ምድር ለእርሻና ለመኖሪያ ማብቃት እንደ ሆነ፣ ርስቱን ከአቅኚ አባት ሲቆጥር የኖረው የመንዝ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። አቅኚነትም ምድርን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ማሳረፍም መሆኑን በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ይመሰክራል፤ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በተባለው ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ከፍተው እያጨዱ ለብዙ ትውልድ ጠብቀውታልና። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢሽረውም፣ ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ስላደሰው፣ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራሉ።

ቃሉ አሁን የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከመርሐ ቤቴ በጀማ ወንዝ ማዶ፣ በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ፣ ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ቁፋሮን ይሻል፣ እቶኑም በአገራችን በአብዛኛው የሚነደው በድንጋይ ከሰል ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በሙሽ ሸለቆም የድንጋይ ከሰል አለ፤ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ደንም ቅጠሉን በድንጋይ ላይ አትሞ ከከሰሉ ጋር ተቀብሮ ይገኛል።

ለእቶኑ የሚሆነው ከሰል የሚከማችበትና የሚጫንበት ሥፍራ እንደ ማዕድን ጉድጓድ ባይጎደጉድም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ አፈሩ በጭነት መኪና ብዛት ይጠቀጠቃል፣ አቧራው በአካባቢው አዝርዕት ላይ ያርፋል፣ በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝም ከአየርና ከዝናብ ጋር ሲገናኝ ውኃውን ወደ አሲድነት ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ የዳግም ማቅናት ዕቅድ የሚጻፈው ከመጀመሪያው ዶማ በፊት ነው። የዘርና የረቂቃን ነፍሳት ማደሪያ የሆነው የላይኛው አፈር ከታችኛው ሳይደባለቅ ይገፈፍና ዝቅ ባለ ክምር ይቀመጣል፤ ከከሰሉ ቁልል የሚወርደው ጎርፍ ወደ ወንዝ እንዳይገባ በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይመራል፣ አሲድነት ካለውም በኖራ ይታከማል፤ ሥራው ሲያበቃም የጠነከረው መሬት በጥልቅ ይታረሳል፣ ተዳፋቱ በእርከን ይያዛል፣ የተቀመጠው አፈርም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዳግም ልምላሜ የሚከተለው ከዚህ በኋላ፣ በክረምት መግቢያ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በሦስተኛው ቀን ፍጥረት ሣርን ከዛፍ አስቀድማ እንደምትናገር ሁሉ፣ በዚህም ሥራ አፈሩን የሚይዘው ሣር ይቀድማል፣ ቁጥቋጦ ይከተላል፣ ዛፍም በመጨረሻ ይመጣል፤ በውርጩ ጓሳና አስታ፣ በደጋው ጥድ፣ ኮሶና ወይራ፣ በጀማ ቆላ ግራር፣ ለእያንዳንዱ አየር የራሱ ተክል ይመረጣል። ቶሎ ስለሚያድግ ብቻ ቦታውን ሁሉ በባሕር ዛፍ መሙላት፣ ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማይበቅል፣ ዳግም ልምላሜ ሊባል አይገባም። ችግኙ እስኪጸና ድረስም ከብት እንዳይገባ ቦታው ይከለላል።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለ ፈቃዱ በአካባቢ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማደስ ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የከሰል ማዕድን ሕግም ቆፋሪው ከሥራው በፊት የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፣ ያም ገንዘብ የሚመለስለት መሬቱን እንደ ዕቅዱ ሲያድስ ነው። ስለዚህ «ዳግም ማቅናት» የምንለው በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ችግኝ ተከላን አይደለም፤ ምድሩን የገለበጠው ወገን ከመቆፈሩ በፊት የሚገባውን ዕዳ ነው። ያም ዕዳ መከፈሉን ማየትና መመስከር ያለበት፣ በጓሳ እንደ ታየው፣ ከቆፋሪው መሄድ በኋላ በዚያው ምድር ላይ የሚቀረው ሕዝብ ነው።